ዕይታውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት

ሰውን የሚያስለቅሰው ክፉ ሰው ብቻ ነው የሚል ካለ፣ አስተካካይ የሚባለው ፍጡር ገና አልገጠመውም ማለት ነው። ክፉ ሰው ቢያንስ ይደክመዋል፤ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። አስተካካይ አይደክመውም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ደህና የነበረውን ነገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፣ በሐዘኔታ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ እጁን ይሰዳል። እጁን ሲመልስ ነገርዬው የእርስዎ አይደለም። ደግሞ እኮ ማመስገን ይጠበቅብዎታል።

በየከተማው አንድ አንድ አለ። አንዳንዱ የሰው ቴሌቪዥን ቀለም ያስተካክላል፣ አንዳንዱ የሰው መኪና መስተዋት። ለእኛዋ ከተማ ለሐይቅ የደረሳት የፊደል አስተካካይ ነው። ስሙ ሙነወር ይባላል። ያለ ማዕረግ መጥራት ነውር ስለሆነ ክቡር ኢንጂነር ሙነወር እንበለው። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው በውል አይታወቅም፤ ወይኒቱ እንደምትለው ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ነው የቀየረው።

ወይኒቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፤ በከተማችን ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ በእሷ ጣት አልፏል ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። የሙነወር የሞባይል ጥገና ሱቅ ከእሷ ቤት የሚለየው በአንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ድምፅ አያስቀርም። ሙነወርንም አያስቀርም። የኪቦርዷን ኳኳታ ከወዲያ ሆኖ ሰምቶ «ወይንዬ፣ ዛሬ ዓይንሽን ደክሞሻል መሰለኝ» ይላታል። የዓይን ድካም በጆሮ እንዴት እንደሚሰማ እስካሁን አላስረዳትም።

መጀመሪያ ብቅ ያለ ቀን ነጭ ስክሪን ላይ በጥቁር ፊደል ስትጽፍ አገኛት። ቆሞ አያት።

«ፋብሪካው እንደሰጠሽ ነው የምትጽፊው?» አለ፣ ያልታጠበ ልብስ ለብሳ ያገኛት ይመስል።

«አዎ፤ ምን ይሁን?»

«ፋብሪካው አንቺን መቼ ያውቅሻል?»

ወይኒቱ መልሱን በኋላ አስብበታለሁ ብላ ተወችው። ሻይ ልትጠጣ ወጥታ ስትመለስ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፣ ፊደሉ አረንጓዴ፣ የምትጽፍበት መስመር ብርቱካንማ። በግራ በኩል እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ወጥቶለታል። በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ተደርጎበታል፤ ክፍት ቦታ ሁለት ጊዜ ብትመታ በዓይኗ እንድታየው ነው ተባለች። የለመደችው መጻፊያ ፕሮግራም ቀርቶ ሌላ፣ ሁሉ ነገሩ የሚቀያየር መጻፊያ ተጭኖላታል። ለሦስት ቀን በአረንጓዴ አለመች። በአራተኛው ቀን ለመደችው። የአስተካካይ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉን እንደሚለምድ ያውቃል።

ደንበኛ ግን አይለምድም። ወይዘሮ ዋሲላ ከአምባሰል ወርዳ የመሬት ወሰን አቤቱታ ስታስጽፍ፣ ከወይኒቱ ትከሻ በላይ አሻግራ ስክሪኑን አየችና ቃሏን አቋረጠች።

«እቴ፣ ይኼ ምንድን ነው? የኔ ቃል መሀል ማነው ጤፍ የበተነበት?»

«ወረቀቱ ላይ አይወጣም፣ እትዬ ዋሲላ።»

«የማይወጣ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል? አላህ ይይልሽ፣ ባላጋራዬ ከፍሎሽ እንደሆነ ንገሪኝ!» ብላ በሻርፗ ጫፍ ስክሪኑን ትወለውል ጀመር። ሙነወር ከግድግዳው ማዶ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ሊያስረዳ ነው የመጣ። «እናቴ፣ አብሽሪ፣ ቃልሽን አልነካሁትም፤ ዕይታውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት» አላት። ዋሲላ አቤቱታዋን ይዛ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደች።

ይህች ዓረፍተ ነገር የክቡርነታቸው ጋሻ ናት። ምንም ይሁን ምን፣ የተበላሸው ምንም ያህል ይበላሽ፣ ሙነወር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ዕይታውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት» ይላል። ክፋቱ ደግሞ እውነቱን ነው።

ዓሣ ነጋዴዋን አሚናትን ያየ ይፍረድ። የተሰነጠቀ የስልክ መስተዋት ልታስቀይር ሰጠችው። መስተዋቱን ቀየረ፤ አንድ ሳንቲም አላበዛባትም። እግረ መንገዱን ግን «ዓይንዎን ላሳርፍልዎ ብዬ» ፊደሉን አሳደገላት። ፊደሉ እንዲህ ከማደጉ የተነሳ ስም ሲከፈት ከፊቱ ጥቂት ፊደል ብቻ ይታይ ጀመር። አሚናት ስልኳ ላይ «ሰላሀዲን ዓሣ» የሚባል አጥማጅ አላት፣ «ሰላሀዲን አማች» የሚባል ደግሞ ልጇን ለልጃቸው ጠይቀው ሽማግሌ የላኩ የወንዱ አባት አሉ። አሁን ሁለቱም «ሰላሀ» ሆኑ። አንድ ቀን ማለዳ ተነሥታ ደወለችና፣ ከወዲያ ሃሎ እስኪባል እንኳ አልጠበቀችም።

«ትናንት የላክህልኝ ሸቶ ነው የደረሰ! ሰው ፊት አዋረድኸኝ! ዛሬውኑ መጥተህ ካልወሰድህልኝ አውጥቼ ለውሻ ነው የምጥለው!»

ትናንት ሰላሀዲን አማች የላኩት ሙሽራውን ነበር፤ ለወግ፣ ለሰላምታ። ጋብቻውን ለማዳን ሦስት ሽማግሌና አንድ ሙክት ጠይቋል። ሙነወርም ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ሄዶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ስልክ ቁጥሩን እንዳልነካ በወላሂ አረጋገጠ።

የእድሩን ነገር ሳልናገር ብቀር ሊቀመንበሩ አቶ ደሳለኝ ይቀየሙኛል። ሙነወር አንድ ቀን ወይኒቱ የምትጽፍበትን የፊደል ዓይነት አየና «ወገቡ ወፍራም ነው» ብሎ ከነጭራሹ አጠፋው። ጠዋት የሠላሳ ገጽ የእድር ደንብ ስትከፍት፣ ፊደሎቹ በሙሉ ባዶ ባዶ ሣጥን ሆነው ጠበቋት። አቶ ደሳለኝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሠላሳውን ገጽ እስከ መጨረሻው አስከፍተው አዩ። «እድሩ ሣጥን እንደሚገዛ ደንቡ ላይ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ያህል ግን አልተባባልንም።»

ታዲያ ወይኒቱ ለምን አታባርረውም? ብዙ ሰው ጠይቋታል። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲቀረቅር እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ቀለም ተለቅልቆ፣ ሳቅ እያለ የሚያወጣላት እሱ ነው። አንድ ብር ተቀብሏት አያውቅም። ጎረቤት ነውና ይቻላል፤ እንዲህ ብላ ነበር የምትመልሰው።

ያለፈው ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ የጎረቤት ቀልድ መሆኑ ቀረ።

መሪጌታ አብተው ከሐይቁ ዳር ቅኔ ማስተማር ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። በዝናብ፣ በፌስታል የተጠቀለሉ አራት ደብተሮች በብብታቸው ይዘው ወይኒቱ ቤት ገቡ። ደብተሮቹ ውስጥ ያለው መምህሮቻቸውና የመምህሮቻቸው መምህሮች የተቀኙት ቅኔ ነው፤ ሁሉም በጆሮ የተሰማ፣ ከእሳቸው ደብተር ሌላ የትም ያልተጻፈ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ ግሸን ማርያም ላይ ይገናኛሉ። መሪጌታ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ሊሰጧቸው አስበዋል።

«ዘንድሮ እግሬ ይወጣዋል» አሉ። «ለከርሞው ግን ለእግሬ ዋስ አልሆንም።»

ወይኒቱ ደብተሮቹን ተቀበለች። የእሷ ሥራ መጻፍ ነው፤ ማተሙ ደሴ ነው።

«አንድ ነገር አለ» አሉ መሪጌታ። «የጌታችን ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የመላእክትና የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፍ። በጥቁር ከሆነ አልወስደውም። መምህሮቼ ከመቃብራቸው ሆነው ይታዘቡኛል።»

«በቀይ ይሆናል፣ መሪጌታ። ቃሌ ነው።»

ቃሏን ሰጥታ ሸኘቻቸውና ደብተሩን ገለጠች። በየመስመሩ ስም ነው። አንዱን ስም በቀይ ለማድረግ ማውዙን ይዞ ማቅለም፣ መምረጥ፣ ቀለም መቀየር፣ መመለስ አለ። ልቧ ዝቅ አለ። ከግድግዳው ማዶ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

«ወይንዬ፣ የስሞቹ ዓይነት ስንት ነው?»

ስንት እንደሆነ ተቆጠረ። አስራ ስምንት ነው። ሙነወር ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ እሷ ዘንድ ተቀመጠ። ሲጨርስ የሠራው ነገር እንዲህ ነበር፤ ወይኒቱ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቁልፍ ትነካለች፣ ስክሪኑ ላይ ሙሉው ስም ደማቅ ቀይ ሆኖ ዱብ ይላል። ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ግን ስሙ አይደለም። የሚገባው በዓይን የማትታይ አንዲት ምልክትና፣ መስመሩ እንዳይዛነፍ በስሙ ርዝመት ልክ የተተወ ክፍት ቦታ ነው። ምልክቷን አይቶ ቀይ ስም የሚያሳየው ያ የእሷ መጻፊያ፣ በእሷ ስክሪን ላይ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሙነወር ያኔም ያውቃታል። አስፈላጊ መሆኗ ነው ያልታሰበው።

መሪጌታ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ወይኒቱ አንድ መስመር ጻፈችላቸው። ስሙ ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ነካች፤ ማርያም የሚለው በቀይ ብቅ አለ። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማን ነገረው?» አሉ፣ ኮምፒዩተሩን በጣታቸው እያሳዩ።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ ሙነወር፣ ደረቱ ተነፍቶ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«አንተ? ይህን ወግ ከየት አወቅኸው?»

«አያቴ መንዙማ ሲጽፉ የነቢዩን ስም በቀይ ነበር የሚጽፉት። ቀለሙን የምበጠብጥላቸው እኔ ነበርሁ።»

መሪጌታ ተቀምጠው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። መረቁት። አስተካካይን መመረቅ ምን እንደሚያስከትል አያውቁም። ሙነወር ለአንድ ሳምንት ከተማውን በእግሩ አልረገጠውም፤ በርሮ ነው የከረመ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጽሑፉ አለቀ። ወይኒቱ በስክሪኗ ላይ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ቀዩ በየቦታው አለ። በፍላሽ ተደርጎ ደሴ ተላከ። ከጥቂት ቀን በኋላ አታሚው ደወለ፤ ወይኒቱ ገበያ ወጥታ ስለነበር ስልኩን ያነሣው ሙነወር ነው። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ፋይሉ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ አየሁ፣ ልክ ነው ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

«እናንተ ጋ ነው ባዶ የሚመስላችሁ፤ እኛ ጋ ሙሉ ነው» አለው ሙነወር። «አንዲት ነገር ሳትነኩ እንዳለ አትሙት። የሰው ሥራ የሚነካካ ሰው አልወድም።»

መስከረም አስራ አራት ቀን ካርቶኑ በአውቶቡስ መጣ። ስልሳ መጽሐፍ ነው። ወይኒቱ በምላጭ ቀድዳ አንዱን አወጣች፣ አሸተተችው፣ ገለጠችው። መስመሩ ይጀምራል፣ ያማረ ፊደል፣ ጥቁር ጥርት ያለ። ስሙ ሊመጣ ሲል ባዶ ነው። ከባዶው በኋላ መስመሩ ይቀጥላል። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ሌላ መጽሐፍ አወጣች። ከካርቶኑ ሥርም አወጣች። ስልሳ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ አንዱም ውስጥ እግዚአብሔር የለም።

«ሙነወር!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። መጣ። መጽሐፉን ሰጠችው።

«ቀዩ የታለ?»

«ቀዩማ ይኸው» አለ ወደ ስክሪኑ እያሳየ። እውነትም ስክሪኑ ላይ ቀዩ ቦግ ብሎ ይታያል።

«ታዲያ መሪጌታ ይህን ስክሪን ተሸክመው ግሸን ይውጡ?»

ሙነወር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ዕይታውን ብቻ ነው…» አለና ቆመ። አፉ እንደተከፈተ መጽሐፉን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ መልሶ መጽሐፉን አየ። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ወይኒቱ ስትሰድበው ቀና አላለም። ስድብ ሲያልቅባትም ቀና አላለም።

ደሴ ደወለች። እንደገና ለማተም ከበዓሉ በኋላ ካልሆነ አይቻልም ተባለች። ለመሪጌታ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ስታስብ አለቀሰች። ቃሏን ነው የሰጠችው፤ ሰውየውም ለእግራቸው ዋስ እንደማይሆኑ ነግረዋታል። ሙነወርን ደግሞ ታውቀዋለች፤ ነገ ሱቁ ዝግ ሆኖ፣ ወልድያ ዘመድ ጠይቄ ነበር የሚል ወሬ ይዞ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል አለች በልቧ።

በማግስቱ መሪጌታ በሰዓታቸው መጡ። ሙነወርም ነበር፤ ጥግ ላይ ቆሟል። ወይኒቱ መጽሐፉን አቀረበችላቸው። መሪጌታ ገለጡት። አውራ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉ፣ ወደሚቀጥለው ባዶ ወሰዱ፣ ወደሚቀጥለው። ፊታቸው ሲፈካ ወይኒቱ ዓይኗን አላመነችም።

«ቦታውን ተዋችሁልኝ!» አሉ። «አይ ልጆች! እንደ ጥንቱ! ጸሐፊ ሁሉ እኮ ጥቁሩን ጨርሶ ነው ለቀዩ የሚቀመጥ። ቦታውን ትቶ ያልፍና፣ በኋላ ታጥቦ፣ ጾሞ፣ ስሙን በቀይ ይሞላዋል። እኔ ደግሞ ማሽን ይህን ወግ አያውቅም ብዬ ሰግቼ ነበር።»

ወይኒቱ ትንፋሿን ለቀቀች። ነገሩ አበቃ፤ ሰማይ ራሱ ሸፈነላቸው። የቀረው ዝም ማለት ብቻ ነው። ወደ ሙነወር ዘወር ብላ በዓይኗ አስጠነቀቀችው። በዓይን የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሙነወር አይባልም ነበር።

«መሪጌታ፣ ሆን ብለን አይደለም» አለ። «የኔ ስሕተት ነው። ቀዩን ስክሪኑ ላይ እንጂ ጽሑፉ ውስጥ አላስገባሁትም። አታሚው ጠይቆኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እንዳትነካ ያልኩት። አጥፍቻለሁ።»

አጥፍቻለሁ። ይህችን ቃል ከሙነወር አፍ የሰማ ሰው በሐይቅ ከተማ አልነበረም። ወይኒቱ ጫማዋን አውልቃ ልትወረውርበት ነበር፤ እጇ ግን እሺ አላላትም።

መሪጌታ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «እኔ ሆን ብለህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ? ቀዩን ማን ይጽፋል ነው የምለው። ስድስት ቀን ነው የቀረን።»

የዚያን ቀን በከተማው ያለ ቀይ እስክሪብቶ ሁሉ ተገዝቶ አለቀ፤ መምህራን ለአንድ ሳምንት ፈተና በሰማያዊ አረሙ። አስራ አንድ የቅኔ ተማሪዎች ከሐይቁ ዳር መጥተው በወይኒቱ በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ወይኒቱም ተቀመጠች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሀል ላይ ቆሙና ደብተር ሳይገልጡ ቅኔውን በቃላቸው ያወርዱት ጀመር። ስም ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያቆማሉ፤ ያኔ እስክሪብቶ ሁሉ ወረቀት ላይ ይወርዳል። ሁሉም በፊቱ በዘረጋቸው መጽሐፎች ላይ ስሙን ጽፎ ቀና ሲል ይቀጥላሉ። የአውቶቡስ ረዳቶች ሳይቀሩ ለወልድያ ሲጣሩ ድምፃቸውን ቀነሱ።

ሙነወር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መሪጌታ ቢረሱ ብሎ ስክሪኑን ወደ በረንዳው አዙሮላቸዋል፤ አንድ ጊዜም ዞር ብለው አላዩትም። ትንሽ ቆየና ጠጋ አለ።

«መሪጌታ፣ እኔ ብጽፍ ይፈቀዳል?»

«እጅህ ንጹሕ ነው?»

«ውዱእ አድርጌያለሁ።»

«በቂ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የሰውን ሁሉ ፊደል ሲያሳድግ፣ ሲያቀጥን፣ ሲያቀልም የኖረው ክቡር ኢንጂነር እስክሪብቶ ሲጨብጥ ነው ወይኒቱ ያየችው። ጣቱ ይንቀጠቀጣል። በኪቦርድ ካልሆነ ከጻፈ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። ሚካኤል ብሎ ለመጻፍ ሚካኤል ራሱ ከሰማይ ወርዶ የሚመለስበትን ጊዜ ወሰደ፤ ፊደሎቹ ደግሞ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ ሊወድቅ ሲል ተይዞ ነው የወጡ። ዶሮ ቀይ ቀለም ረግጣ ብትሄድ ከዚያ የተሻለ ይወጣታል። ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፣ ወይኒቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እሱ አልሳቀም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ በአራት ቀን ውስጥ አንዲት መጽሐፍ ብቻ ጨረሰ። ሌሎቹ አራት አራት፣ አምስት አምስት ጨርሰዋል። ወይኒቱ ሳቋ በየትኛው ቀን እንዳቆመ አታስታውስም። ብቻ በአራተኛው ቀን፣ የመጨረሻውን ስም ጽፎ እፍ እፍ ብሎ ሲያደርቀው አይታ፣ ይህን ሰው ለካ እወደዋለሁ አለች። እንደ ወንድም ነው፤ እንደሚያስቸግር፣ ዘመድ አዝማድ ፊት እንደሚያሳፍር፣ ግን ሌላ ሰው ሲሰድበው እንደማያስችል ወንድም።

መስከረም አስራ ዘጠኝ ቀን ማለዳ መሪጌታ ስልሳውን መጽሐፍ አስጭነው ሄዱ። አውቶቡሱ እስከሚደርስበት ደርሰው፣ የቀረውን በእግራቸው፣ ሁለት ተማሪ በግራና በቀኝ ይዘዋቸው ግሸን ወጡ።

ከበዓሉ በኋላ ተመልሰው ወይኒቱ ዘንድ ሲገቡ እግራቸው አብጧል፣ ፊታቸው ግን ወጣት ሆኗል። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ነገሯት። ተማሪዎቻቸው መጽሐፎቹን ሲያዩ፣ ከመሀል አንዷን ያዙና ጠብ ሊነሣ ነበር አሉ። ለካ ስሞቹ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፉባትን አይተው፣ ይህችማ የመምህራችን የራሳቸው እጅ ናት፣ እርጅና ነው እንዲህ ያንቀጠቀጣቸው ብለው ነው። አንዱ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመ ትልቅ ሰው እያለቀሰ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሳማቸው። በዕጣ ነው የተከፋፈሉት፤ ያቺ መጽሐፍ ከጎንደር ለመጣ አንድ ተማሪ ደረሰች።

«የማን እጅ እንደሆነ አልነገሯቸውም?» አለች ወይኒቱ።

«ሲስሙት እያየሁ እንዴት ልንገራቸው?» አሉ መሪጌታ። «ለእሱም እንዳትነግሪው። ይህን ከሰማ አይቻልም።»

ወይኒቱ ቃሏን ሰጠች። ቃል የሚከብዳት ሴት አይደለችም፤ ይህችን ግን እስከ ምሳ ሰዓት ነው የቻለቻት። ከግድግዳው ማዶ ሙነወር አንዱን ደንበኛ «ፋብሪካው አንተን መቼ ያውቅሃል?» ሲለው ሰማች። ተነሥታ ሄደች፣ ደንበኛውን አስወጣች፣ ሁሉንም ነገረችው።

ሙነወር እስከ መጨረሻው ሰማት። ዓይኑ እንባ ሞላ። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣ። አያቱ ቢሰሙ ኖሮ የሚል ነገር ጀመረና አልጨረሰውም። ወይኒቱም ዓይኗን ልትጠርግ ነጠላዋን ስታነሣ፣ ያ አንገት ዘንበል ሲል አየችው።

«ወይንዬ፣ አስራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ግን አንዷን ገብርኤል በጣም አጥብቤ ነው የጻፍኳት» አለ። «ጎንደሬውን አድራሻውን ጠይቂልኝ። ደርሼ ላስተካክልለት።»

ወይኒቱ ጮኸችበት። መጽሐፉ የተሳመ መጽሐፍ ነው አለችው፣ ማንም አስተካክልልኝ ብሎ አልለመነህም አለችው፣ ጎንደር ስንት ሰዓት እንደሚወስድም ነገረችው። ቢሆንም ሰሞኑን መናኸሪያው ውስጥ የጎንደሩ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሲጠያይቅ አይተነዋል። በጓዳዋ በሶ እየበጠበጠች፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል እየቋጠረች ስንቅ የምታዘጋጅለት ማን እንደሆነች ደግሞ ስትጠየቅ ትቆጣለች።